ሲሪንቃ ደርሻለሁ

«ቦቴው ሐራን አልፏል» አለ ዓሪፍ፣ ገና በጠዋቱ፣ ፀሐይ የማደያውን ጣሪያ ሳትነካው።

«ማን ነገረህ?»

«ሁሉም እያወራው ነው።»

«ሁሉም የሚባል ሰው አላውቅም። በዓይኑ ያየው ማነው?»

«አቤት ቤዛዊት! እናትሽ ዳኛ ነው እንዴ የወለደችው? አልፏል አልኩሽ፣ ወላሂ አልፏል! ከሐራ ወልዲያ ምን አላት? ሻይሽን ሳትጨርሺ እዚህ ነው።»

ሻይ አላዘዝኩም። ከባጃጄ ወርጄ እስከ ማደያው በር ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ። ወልዲያ ቤንዚን ካየች ሰንብታለች። የባጃጁ ሰልፍ ከማደያው በር ተነስቶ፣ መታጠፊያው ላይ ተጠማዞ፣ ሽቅብ እስከ ወፍጮ ቤቱ ደርሷል። ጥበቃው በርሜል ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል። ቦቴው እውነት እየመጣ እንደሆነ ብጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ። ትከሻ መነቅነቅ ቢያንስ ውሸት አይደለም።

ከኋላ ወንበሬ ላይ እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ተቀምጠዋል። እሳቸውን ይዤ መርሳ መድረስ ነበረብኝ፤ ያውም ሼኹ የቀትሩን ሰላት፣ ዙህርን፣ ሰግደው ለሽምግልና ሳይቀመጡ።

ከመርሳ ወደ ታች፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ እናቴ የተወችልኝ ማሳ አለ። ማንጎ አለበት፣ ፓፓያ አለበት፣ በበጋ የማይደርቅ የውኃ ጉድጓድ አለበት። እናቴ ከሞተች ጀምሮ የሚያለሙት ወንድሟ፣ አጎቴ ፈቃዱ ናቸው። መጀመሪያ «ለልጅቷ እየጠበቅሁ ነው» ይሉ ነበር። ኋላ «የቤተሰብ ነው» አሉ። አሁን «የእኔ ነው» ብለው ቁጭ ብለዋል። የይዞታ ደብተሩ በሟቹ አያቴ ስም ስለሆነ ለማንኛችንም አይናገርም። ስለዚህ ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ሄደ። በእኛ አገር ሼኹና ቄሱ አንድ ጥላ ስር ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሰማሉ፤ ከሰሙ በኋላ ይፈርዱና ይመርቃሉ። አንዴ የተመረቀበት ነገር ተመልሶ አይከፈትም። ተጠርቶ የቀረ ሰው ደግሞ እንደተስማማ ይቆጠራል።

እናቴ «ማሳው ለቤዛ ነው» ስትል አልጋዋ አጠገብ የነበሩት እትዬ ዘነበች ብቻ ናቸው። ያለኝ ማስረጃ እንግዲህ ይኸው ነው፤ ጉልበታቸው የደከመ፣ ምላሳቸው ግን ምላጭ የሆነ አንዲት ባልቴት፣ ቤንዚን በሌላት ባጃጅ ላይ።

«ቤዛዬ» አሉኝ፣ «ቤንዚን ቤንዚን ሸተተኝ።»

«ማደያ በር ላይ እኮ ነን እትዬ። ታዲያ ምን ይሽተትዎት?»

«ባዶ ማደያም ይሸታል?»

ስልኬ እየጠራ ነበር። መስከረም ናት። ድምፁን አጠፋሁት።

መስከረም ባጃጇን ከእኔ ጋር በጋራ የገዛች ሸሪኬ ናት። ከጠዋት እስከ ቀትር እኔ እነዳለሁ፣ ከቀትር እስከ ምሽት እሷ። ማታ እኔ ተከራይቼ የምኖርበት ቤት ደጃፍ አቁማ ቁልፉን በበሩ ስር ትወረውርልኛለች። ትናንት ቀትር ላይ ስንለዋወጥ ተጣላን። «ቤዛ፣ እትዬን ዛሬውኑ ይዘሽ ውረጂና እዚያው እደሩ፤ የነገን መንገድ ማን ያውቀዋል?» አለችኝ። ምክሩ መጥፎ አልነበረም። ከመስከረም አፍ መውጣቱ ነው ያላስደሰተኝ። መስከረም ነገር የምትወስነው ሆዷ እንደነገራት ነው። እኔን ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ሞተር መፍታትንም፣ መጽሐፍ ማንበብንም፣ ሰው የሚያወራውን መጠርጠርንም ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት። «አንቺ በሆድሽ አስቢ፣ እኔ በጭንቅላቴ አስባለሁ» አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ፤ ቁልፉን ተቀብላኝ ሄደች።

ዛሬ ጠዋት ቁልፉን እንደ ወትሮው በበሩ ስር አገኘሁት። ታንኩን ግን ባዶ። ለመርሳ መንገድ ብዬ ስቆጥበው የሰነበትኩት ነዳጅ ነው፤ መስከረምም ይህንን ታውቃለች። እልኋን በቤንዚኔ ተወጣችው አልኩ። እስከ ሰልፉ ያደረሰን ቁልቁለቱ ብቻ ነው። እና አሁን ደግሞ ትደውላለች! ይቅርታ ልትለኝ ነው፤ ትደውል። ይቅርታ ታንክ አይሞላም።

«መርሳ! መርሳ! ሁለት ሰው የቀረው!» አንድ ሚኒባስ አጠገባችን ቆም አለ። ረዳቱ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ ይጮኻል።

«ይሄ አይወስደንም?» አሉ እትዬ።

«ከአስፋልቱ እስከ ማሳው በምን ሊወርዱ ነው? በዚህ ጉልበትዎ?»

«እንጃ። አንቺ ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ፤ ግን የማውቀውን ሁሉ አልነገርኳቸውም። አጎቴ ባለፈው ሰው ፊት «ባጃጅ ነጂ ለመሬት ምን አላት?» ብለው ነበር። ጥላው ስር ጥሩምባዬን እየነፋሁ፣ ምስክሬን ከኋላ አስቀምጬ፣ መሪዬን ይዤ መድረስ ፈለግሁ። በሚኒባስ ተጨናንቄ፣ የሰው ዶሮ ጭኔ ላይ ይዤ መድረስ አልፈለግሁም። ሚኒባሱ ሄደ። ከጭሱ በላይ ያንገበገበኝ በነዳጅ መሄዱ ነው።

«ቦቴው ሐራን አልፏል!» ዓሪፍ ከፊቴ ካለችው ባጃጁ አናቱን አወጣ። «አሁን ደግሞ የደወለልኝ የአክስቴ ልጅ ነው።»

«የአክስትህ ልጅ የት ነው ያለው?»

«ደሴ።»

«ደሴ ተቀምጦ ሐራን ያየው በመነጽር ነው?»

ሰልፈኛው ሳቀ። ሳቃቸው ደስ አለኝ፤ ያሳቅኳቸው ግን ሁሉም እዚያው ቆሙ፣ እኔም እዚያው ቆምኩ።

የእኛ ሰልፍ ሕግ አለው። ማንም ሰው ማርሽ አስገብቶ አይሄድም፤ ፍሪ ትቶት ሻይም ይሂድ፣ ለቅሶም ይሂድ፣ ከኋላው ያለው ይገፋለታል። ከፊት አንድ ቦታ ሲከፈት ከወፍጮ ቤቱ ጀምሮ ሁሉም እየተጋገዘ ይገፋል፤ ብረቱ ይንቋቋል፣ አንዱ «በሉ እንግዲህ!» ይላል፣ እትዬ «ተመስገን» ይላሉ። ቦታው የሚከፈተው ግን ቤንዚን የቀዳ ሰው ኖሮ አይደለም። ተስፋ የቆረጠው ከሰልፉ ስለሚወጣ ነው። ይህንን በዓይኔ አያለሁ። እጄ ባጃጇን ሲገፋት ግን እግሬ መርሳ የተጠጋ ይመስለዋል። ወደ በሩ በቀረብኩ ቁጥር መውጣቱ ከበደኝ።

ረፋዱ ላይ አንድ ልጅ እግር ሹፌር ባጃጁን እየገፋ ከታች መጣ። ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። «እህቴ፣ መሰለፉ ያዋጣል?» አለኝ።

ከመጽሐፍ ያገኘሁት አንድ ጥያቄ አለኝ፤ የወልዲያን ባጃጅ ሹፌር ሁሉ ያሰለቸሁበት ነው። እስካሁን የጠበቅከውን እርሳው፣ ይሄን ነገር ዛሬ አሁን ገና ብትጀምረው ኖሮ ትጀምረው ነበር ወይ ነው የሚለው። ለልጁም ይህንኑ ነገርኩት። «አንተ ገና አልጀመርክም፣ ዕድለኛ ነህ። ቦቴ ያየ ሰው የለም፤ የሰማ ብቻ ነው ያለው። ዞር በልና ሌላ ሥራ ፈልግ» አልኩት። አመስግኖኝ፣ ባጃጁን አዙሮ ሄደ።

ዓሪፍ በመስታወቱ እያየኝ ነበር። «ልጁን አባረርሽው። አንቺስ?»

«እኔ በሩ ጋ ልደርስ ነው።»

«አሃ! መጽሐፉ ለሩቅ ሰልፈኛ ነው የተጻፈው በይኛ!»

ስልኬ ጠራ። መስከረም መስላኝ ልዘጋው ስል የአጎቴን ቁጥር አየሁ።

«ቤዛዊት፣ የት ደረስሽ?» አሉ አጎቴ ፈቃዱ። ከኋላቸው የሰው ድምፅ አለ። «ሼኹ ወደ ሰላታቸው ሊሄዱ ነው። ቄሱም እዚህ ናቸው። ከሰላት መልስ እንቀመጣለን።»

«ሲሪንቃ ደርሻለሁ» አልኩ።

አልተርበተበትኩም። በእኛ ዘንድ ይህ ውሸት አይባልም። ስልክ ላይ የት ደረስሽ ለሚልሽ ሰው ያለሽበትን አትነግሪውም፤ ልትደርሺ ያሰብሽበትን ነው የምትነግሪው። ቤት ያለ ሰው መንገድ ላይ ነኝ ይላል፣ መንገድ ላይ ያለ ደጃፍህ ነኝ ይላል፣ አገር የሚተዳደረው እንዲህ ነው። ሲሪንቃ ከመርሳ ትንሽ መንገድ ናት። ቦቴው አሁን ቢመጣ፣ ቶሎ ቢቀዳልኝ፣ ሲሪንቃን ሳላያት አልፋታለሁ።

«እሺ። ሲሪንቃ ከሆንሽ መጣሽ ማለት ነው። እንጠብቃለን» ብለው ዘጉት።

ዓሪፍ ባጃጁን ትቶ አጠገቤ ቆሟል። «ሲሪንቃ ሙቀቱ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ዝም በል።»

«የለም፣ ስትመለሺ ሎሚ ይዘሽልኝ ነይ ልልሽ ነው።»

እትዬ ዘነበች አልሳቁም። ምርኩዛቸውን ከግራ ጉልበታቸው ወደ ቀኝ አዛወሩ። «ልጄ፣ ይሄ ወንበር ሽታው አናቴን አመመኝ» አሉ። እኔ ግን መንገዱን እያየሁ ነበር። ከባድ መኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አንገቴ ይዞራል። የአሸዋ ሲኖትራክ፤ ቀጥሎ የእህል አይሱዙ፤ ቀጥሎ የውኃ ቦቴ። የውኃ ቦቴው ሲመጣ ሰልፉ በሙሉ ከወንበሩ ተነስቶ ነበር፤ ሲያልፍ በሙሉ ተቀመጠ። መስከረም ደግማ ደወለች። ስልኩን ገልብጬ ኪሴ ከተትኩት።

ከዚያ ከመስጊዱ የዙህር አዛን ተሰማ።

ሼኹ አሁን ለሰላት እየታጠቡ፣ ውዱእ እያደረጉ ነው፤ አሁን ሊሰግዱ ነው፤ አሁን ሊነሱ ነው። አንድ ነገር ማሰብ አልቻልኩም፤ ሆዴ ብቻ «ውጪ!» አለኝ። ማርሹ ፍሪ መሆኑን አየሁና «ዓሪፍ፣ አስገፋልኝ!» ብዬ እትዬን በብብታቸው አንስቼ አወረድኳቸው።

«ቦቴው እኮ ሐራን አልፏል!» እያለ ቀረ።

አስፋልቱ ዳር ባዶ የቲማቲም ሣጥን ጭኖ ወደ መርሳ የሚመለስ አይሱዙ ቆመልን። እትዬን ከሹፌሩ ጋር ተጋግዘን ጋቢና አስገባናቸው። ሹፌሩ ወሬኛ ነው፤ ስለ ቲማቲም፣ ስለ ጎማ፣ ስለ ሚስቱ ወንድም አወራኝ፤ አንዱንም አልያዝኩም። ሲሪንቃ ላይ ወረፋ ያለው ኬላ ገጠመን፤ መኪኖች ሁሉ ቆመው አንድ በአንድ ይፈተሻሉ። እዚያ ቆመን ስልኬ ጠራ።

«አሁንስ የት ነሽ?» አሉ አጎቴ።

«ሲሪንቃ።»

ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ ከስልኩ ራቅ ብሎ ለሌላ ሰው የሚስቅ ሳቅ። «ሰማችሁ? አሁንም ሲሪንቃ ናት!»

«አጎቴ፣ እውነቴን ነው! ኬላው ላይ ነኝ፣ እትዬ ዘነበችን...»

ተቋረጠ። ደግሜ ደወልኩ። የደወሉላቸው ደንበኛ ሊያገኟቸው አይችሉም አለችኝ ያቺ የማትደክም ሴትዮ። ሹፌሩን «ተነስ፣ ሂድ!» አልኩት፤ መንገዱን የዘጋውን የኬላ ገመድ አሳየኝ። ገመዱ እስኪወርድ ጥፍሬን በላሁ።

መርሳ ስንደርስ አስፋልቱ ዳር ባጃጆች በሽበሽ ቆመዋል፣ ነዳጅ ያላቸው፣ «ወዴት ነው?» የሚሉ። በአንዱ ተሳፈርን። እትዬን ከጎኔ አቅፌ፣ በሰው ባጃጅ፣ ከኋላ ተቀምጬ ወደ ማሳው ወረድኩ። ጥሩምባውን የነፋው ሹፌሩ ነው፤ ያውም ለፍየል።

ከሩቅ እጆቻቸውን አየሁ። ሁሉም ወደ ላይ ተዘርግተዋል። ሼኹ እየመረቁ ነው፤ «አሚን» እና «አሜን» አንድ ላይ ይወጣል፣ የቱ የማን እንደሆነ አይለይም። ምርቃት መሃል ሰው አይናገርም። እኔ እንኳን፣ አፌ የማያርፈው እኔ፣ ቆሜ ጠበቅሁ። እጆች ወርደው ፊት ካበሱ በኋላ ሰዎች ጋቢያቸውን እያራገፉ መነሳት ጀመሩ።

«ምስክሬን አምጥቻለሁ» አልኩ።

ሁሉም እትዬ ዘነበችን አዩ። እትዬ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተክለው ቀጥ አሉ። «እኔ የሰማሁትን ልናገር ነው የመጣሁ» አሉ። «የዚህች ልጅ እናት ‹ማሳው ለቤዛ ነው› ስትል እጇ በእጄ ነበር። ፈቃዱም ከበሩ ውጭ ነበር። ፈቃዱ፣ ሐሰት ነው በል እስቲ!»

አጎቴ ፈቃዱ ማንጎውን ተመለከቱ። ሐሰት ነው አላሉም።

ሼኹ ረጋ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ወልዲያ ነኝ፣ መኪና አጣሁ ብትይን ሌላ ቀን እንቀጥርልሽ ነበር። ለሐዘንተኛ እንቀጥራለን፣ ለታመመ እንቀጥራለን፣ ለመንገደኛ ለምን አንቀጥርም? አንቺ ግን ሲሪንቃ ነኝ አልሽን። ጠበቅን። ከሲሪንቃ በጋሪ የሚመጣ ሰው የሚደርስበት ጊዜ አለፈ። ስንደውል እንደገና ሲሪንቃ አልሽን። ምን እንበል? ሽማግሌ ላይ ቀለደች አልን።»

«ሁለተኛው እውነት ነበር።»

«አላህ ያውቃል። እኛ የምናውቀው የመጀመሪያውን ነው።»

ቄሱ አንገታቸውን ደፍተው መስቀላቸውን በጣታቸው ይደባብሳሉ። «የእትዬን ቃል እውነት ብለን እንቀበላለን» አሉ ቀስ ብለው። «ግን ተመርቋል። ማንጎው በደረሰ ጊዜ ግቢና ቅመሺ፤ ይህንን ለፈቃዱ ነግረነዋል።»

ግቢና ቅመሺ። በእናቴ እጅ የተተከለ ማንጎ ልቅመስ! በአፌ ብዙ ነገር መጣ፤ የአጎቴን አባት አያት የሚያስነሳ ነገር። ሼኹ ግን እያዩኝ ነበር፤ ዋጥኩት። ጉድጓዱ አፍ ላይ የእናቴ አሮጌ ባልዲ በገመድ ተንጠልጥሏል። ልፈታው እጄን ዘረጋሁና «ባልዲውም እንደ እኔ ይቅመስ» ብዬ ተውኩት።

እትዬ መርሳ ዘመድ ቤት ቀሩ። «ዛሬ ሌላ መኪና ላይ አልወጣም፤ ወገቤ ተቆረጠ» አሉኝ። ሲሰናበቱኝ ጉንጬን ቆነጠጡኝ፣ እንደ ልጅነቴ፣ ግን በጣም አጥብቀው።

ወልዲያ ስመለስ ፀሐይዋ እየጠለቀች ነው። ባጃጄ የተውኳት ቦታ አይደለችም፤ ገፍተዋት ገፍተዋት ማደያው በር ላይ አቁመዋታል። በሩ ውስጥ ትልቅ ቦቴ ቆሟል።

ዓሪፍ እየሮጠ መጣ። «አላልኩሽም? አላልኩሽም ሐራን አልፏል? ይኸው!»

«ታዲያ ለምን አትቀዱም?»

ራሱን አከከ። «ናፍጣ ነው» አለ።

ባጃጅ በናፍጣ አትሄድም። ሳቅሁ፤ አስቀያሚ ሳቅ ነው። ከባጃጇ የፊት ወንበር ላይ መስከረም ተነሳች። ዓይኗ አብጧል።

«ስልክ ለምን አታነሺም? ቀኑን ሙሉ!»

«ምን ላድርግልሽ? ታንኩን ባዶ አድርገሽ አስረክበሽኝ ደግሞ ስልክ? ትናንት ከሰዓት ስትሠሪበት እኮ ለምን እንደቆጠብኩት ታውቂ ነበር!»

«ትናንት ከሰዓት አልሠራሁም» አለች መስከረም። «አንድ ተሳፋሪ እንኳ አልጫንኩም።»

እንደ ወትሮዋ አልጮኸችም። ወደ ኋላ ዞረችና እትዬ ዘነበች ጠዋቱን ሙሉ የተቀመጡበትን ወንበር ከፍ አደረገችው። ከስሩ፣ በአሮጌ ፎጣ የተጠቀለሉ የውኃ ፕላስቲኮች ነበሩ፣ እስከ አንገታቸው ቤንዚን የሞሉ።

«ሰሞኑን በሰፈራችሁ ሌሊት ከታንክ እየቀዱ ይሰርቃሉ ሲሉ ሰምቼ ማታ ራሴ ገለበጥኩት» አለች። «ለመርሳ ደርሶ መልስ ይበቃሽ ነበር። ጠዋት እሱን ልነግርሽ ነው የደወልኩት።»

የአንደኛው ክዳን በደንብ አልተገጠመም ነበር።